ራስን ማሳደግ ወይስ ለሌላው መኖር? በሊልበርን አካባቢ የተፈተነ ጥያቄ

ከአትላንታ መሃል ከተማ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ 20 ማይል ገደማ የምትርቀው ሊልበርን ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበው ነዋሪዋ 14,500 ያህል ነበር። በእርሷና በአጎራባቾቿ በስቶን ማውንቴን፣ በታከርና በክላርክስተን ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን መሥርተዋል። በብዙዎቹ ቤት አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ሌሊቱን በአረጋውያን መንከባከቢያ ስትሠራ አድራ የምትመለስ አንዲት ሴት በምሳሌነት ትወሰድ። ቀን ቀን ለነርስነት ትማራለች፤ የቀጣዩ መንፈቅ ክፍያ የሚጠናቀቅበት ቀን ዓርብ ነው። ረቡዕ ጠዋት ስልኳ ይጠራል። የደወለው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከደሴ። «እትዬ፣ የቤት ኪራዩ ተጨመረብን፤ የእማማም መድኃኒት እያለቀ ነው» ይላታል። በእጇ ያለው ገንዘብ ለአንዱ እንጂ ለሁለቱም አይበቃም።

አማርኛ ለዚህች ሴት ሁለት የሚጣረሱ ምክሮችን አዘጋጅቶ ይጠብቃታል። አንደኛው «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ መሆኑን የሚያስታውሰው ነው። ሁለቱም በአንድ ቋንቋ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው አፍ፣ ተስማምተው ኖረዋል። የሥነ ልቦና፣ የነርቭና የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ባለፉት ሃያ ዓመታት ያደረጓቸው ሙከራዎች ከሁለቱ አንዱን አሸናፊ አላደረጉም። ይልቁንም ጥያቄውን ራሱን ወደ ሌላ አዙረውታል፦ ሰው ምን ያህል ሰጠ ከሚለው ይልቅ፣ የሰጠው እንዴት ነው፣ በሰጠበት ሰዓትስ እርሱ ራሱ የት ነበር የሚለው የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ከእነዚህ ሙከራዎች የተወሰኑት የተካሄዱት ከሊልበርን በመኪና ብዙ በማያስኬድ ርቀት ላይ ነው።

የሎረንስቪል ቺምፓንዚዎች

ሊልበርን የምትገኝበት የግዊኔት ካውንቲ መቀመጫ ሎረንስቪል ናት። በዚያ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የመስክ ጣቢያ አለ፤ ማዕከሉ ለረጅም ዘመን የርክስ በሚል ስም ሲታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የኤመሪ ብሔራዊ የፕራይሜት ምርምር ማዕከል ተብሏል። ትውልደ ሆላንዳዊው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ፍራንስ ደ ቫል አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በዚህ ማዕከል ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ያረፈውም ከሊልበርን አጠገብ በምትገኘው በስቶን ማውንቴን በሚገኝ ቤቱ ነው።

በእርሱ ዘመን ብርቱ ክርክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ ቺምፓንዚዎች ራሳቸው ምንም ሳይጎድልባቸው ሌላውን መጥቀም በሚችሉበት ሁኔታ እንኳ ለጎረቤታቸው ደንታ እንደሌላቸው አስታውቆ ነበር። ከዚህ በመነሣት ለሌላው ማሰብ የሰው ልጅ ብቻ፣ ያውም በትምህርትና በሃይማኖት የተጫነበት፣ ስስ ልባስ ነው የሚሉ ነበሩ። ቪክቶሪያ ሆርነር፣ ደ ቫልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ይህን አስተሳሰብ ፈተነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰባት ሴት ቺምፓንዚዎች ተራ በተራ ሁለት ዓይነት ቀለም ካላቸው ምልክቶች አንዱን እንዲያነሡ ይደረጋል። አንዱ ቀለም ለመራጯም አጠገቧ ላለችው ጓደኛም በወረቀት የተጠቀለለ ሙዝ ያስገኛል። ሌላው ለመራጯ ብቻ ነው። መራጯ በሁለቱም መንገድ የራሷን ድርሻ ታገኛለች፤ ልዩነቱ የጓደኛዋ መብላትና አለመብላት ነው። ሰባቱም ሁለቱን የሚያበላውን ቀለም አዘውትረው መረጡ።

ለሊልበርኗ ሴት የበለጠ የሚነግራት ግን የጥናቱ ሁለተኛ ግኝት ነው። ተቀባይዋ ጓደኛ በትዕግሥት ስትጠብቅ፣ ወይም «አለሁ» በሚል ዓይነት በዝግታ ስታስታውስ፣ መራጯ ይበልጥ ለጋስ ትሆናለች። ተቀባይዋ ስትጮኽ፣ ደጋግማ ስትለምን ወይም ውኃ በአፏ ይዛ ስትተፋባት ግን ልግሥናው ይቀንሳል። ጫና ልግሥናን አላበዛም፤ አሳነሰው። በሰውና በቺምፓንዚ መካከል ያለውን ርቀት መርሳት አይገባም፤ ሆኖም በስልክ የሚመጣ ልመናን ለሚያውቅ ሰው ይህ ውጤት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

5 ዶላርና 20 ዶላር

በሰዎች ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የኤልዛቤት ደን፣ የላራ አክኒንና የማይክል ኖርተን ሥራ ነው። በካናዳ የሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግቢ 46 ሰዎች በጠዋት ፖስታ ተሰጣቸው። በከፊሎቹ ፖስታ ውስጥ 5 ዶላር፣ በከፊሎቹ 20 ዶላር ነበር። ገሚሶቹ እስከ 11 ሰዓት ድረስ ለራሳቸው እንዲያወጡት፣ ገሚሶቹ ደግሞ ለሌላ ሰው ወይም ለበጎ አድራጎት እንዲያውሉት ታዘዙ። ምሽት ላይ ሲጠየቁ ለሌላ ያወጡት የበለጠ ደስታ እንደተሰማቸው ገለጹ። የገንዘቡ መጠን ለውጥ አላመጣም። ሌሎች ሰዎች ውጤቱን አስቀድመው እንዲገምቱ ሲጠየቁ ደግሞ አብዛኞቹ ተሳሳቱ፤ ይበልጥ የሚያስደስተው 20 ዶላር ይዞ ለራስ ማዋል ነው ብለው ነበር።

46 ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን ተመራማሪዎቹም አልካዱትም። እ.ኤ.አ. በ2020 አክኒንና ባልደረቦቿ መላምታቸውን አስቀድመው አስመዝግበው፣ ቁጥሩን በብዙ እጥፍ አሳድገው ሙከራውን ደገሙት። መስጠት የሚያስገኘው ደስታ ዳግም ታየ፤ መጠኑ ግን በአንዳንዶቹ ሙከራዎች መጀመሪያ ከተባለው ያነሰ ነበር። በዚህ ዘርፍ በተደጋጋሚ ያልተፈተነ ግኝት ብዙ መመሪያ መጻሕፍትን ሸጧልና ጥንቃቄው ተገቢ ነው።

ራስን በራስ ማስደሰትስ? ካትሪን ኔልሰን፣ ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ተባባሪዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 473 ሰዎችን በቡድን ከፍለው ለሳምንታት ተከታተሉ። አንዳንዶቹ ለሌሎች መልካም ሥራ እንዲሠሩ፣ ሌሎቹ ለራሳቸው ደግ እንዲሆኑ፣ የቀሩት የዕለት ውሎአቸውን ብቻ እንዲመዘግቡ ተደረገ። ለሌሎች የሠሩት በሥነ ልቦና ደኅንነታቸው መሻሻል አሳዩ። ራሳቸውን ብቻ ያስደሰቱት ግን ውሎአቸውን ከመዘገቡት የተለየ ጥቅም አላገኙም።

የነርቭ ሳይንስ ደግሞ አንድ ረቂቅ ነገር ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ዊሊያም ሃርባው፣ ኡልሪክ ማየርና ዳንኤል በርገርት 19 ሴቶችን በአንጎል ምስል ማንሻ ውስጥ አስተኝተው ለእያንዳንዳቸው 100 ዶላር መደቡላቸው። ከዚያም ከዚህ ሒሳብ አንዳንድ ጊዜ እንደ ግብር በግዴታ፣ አንዳንድ ጊዜ በራሳቸው ፈቃድ፣ ለተቸገሩ ምግብ ለሚያከፋፍል ድርጅት ገንዘብ ይተላለፍ ነበር። ቬንትራል ስትራያተም የሚባለውና ምግብ ወይም ገንዘብ ሲገኝ የሚነቃቃው የአንጎል ክፍል በግዴታው ጊዜም ነቃ። በፈቃድ ሲሰጡ ግን መነቃቃቱ ይበልጥ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኔታ ዋይንስታይንና ሪቻርድ ራያን ይህንኑ ከአንጎል ምስል ወደ ዕለት ኑሮ አመጡት። ሰው ሌላውን የሚረዳው ወዶ ሲሆን ደኅንነቱ ይጨምራል፤ በሐፍረት፣ በወቀሳ ፍርሃት ወይም በትእዛዝ ሲሆን ጥቅሙ አይታይም። የሚገርመው ግን ተቀባዩ ነው። በፈቃደኛ የተረዳው ሰው በግዳጅ ከተረዳው ይልቅ የተሻለ ስሜት አገኘ። በውድ የተሰጠና በግድ የተሰጠ እኩል ገንዘብ በተቀባዩም ልብ እኩል አይሆንም ማለት ነው። ደሴ ያለው ወንድም የእኅቱን ድምፅ ሲሰማ ልዩነቱን ሳይረዳ አይቀርም።

ራሱን የረሳ ሰጪ

እስካሁን የተባለው ሁሉ መስጠትን የሚያበረታታ ይመስላል። ሌላኛው ገጽ ግን ቀላል አይደለም፤ የስደት ኑሮም ይበልጥ የሚያውቀው እርሱን ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ባካን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ልጅ የሚመሩ ሁለት ዝንባሌዎች እንዳሉ አመለከተ። አንዱ ራስን መቻል፣ ማደግ፣ መሥራትና መብለጥ ነው። ሌላው ከሌሎች ጋር መተሣሠርና ለእነርሱ መኖር ነው። ባካን እንደሚለው ሁለቱም ለብቻቸው ሲቀሩ ያጠፋሉ። ቪኪ ሄልጌሰንና ሃይዲ ፍሪትዝ ይህን ሐሳብ ተከትለው በ1990ዎቹ ዓመታት ራሳቸውን ፈጽሞ ትተው ለሌላው ብቻ የሚጨነቁ ሰዎችን አጠኑ። እነዚህ ሰዎች ከሌሎች ጋር ጤናማ ትሥሥር ካላቸው ደጋጎች ይለያሉ። የሌላውን ችግር እንደ ራሳቸው ተሸክመው ያድራሉ፤ እርዳታ መቀበል ይከብዳቸዋል፤ የራሳቸውን ሕመም ያስታምማሉ ተብሎ አይጠበቅም። ጭንቀታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይመሰገናል፤ ችግሩን ቶሎ ለማየት የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

የሌላውን ሥቃይ መጋራትና ለሌላው መራራት አንድ አለመሆናቸውን ያሳዩት ደግሞ ኦልጋ ክሊሜኪና ታንያ ዚንገር ናቸው። በሥራቸው፣ ሠልጣኞች በሥቃይ ላይ ያሉ ሰዎችን የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞች ተመለከቱ። በመጀመሪያ የሌላውን ስሜት አብሮ መሰማትን ብቻ ተለማመዱ። ስሜታቸው ከፋ፤ ከሕመም ጋር የተያያዙት የአንጎል ክፍሎቻቸው ይበልጥ ነቁ። ቀጥሎ ርኅራኄን፣ ማለትም ለተጎዳው መልካም መመኘትንና ለመርዳት መነሣትን ተለማመዱ። ያው ፊልም እየታየ፣ የከፋው ስሜት ወደ ቀደመ ደረጃው ተመለሰ፤ የተነቃቁት ክፍሎችም ከፍቅርና ከሽልማት ጋር የተያያዙት ሆኑ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ከሥራ መልስ ሌሊቱን በስልኳ የጦርነትና የመፈናቀል ምስል ስታገላብጥ የምታድር ሴት በመጀመሪያው ሥልጠና ውስጥ ያለች ያህል ናት። ስለ ወገኗ ታዝናለች፤ በማግሥቱ ግን ሥራዋንም፣ ትምህርቷንም፣ መርዳትንም ያልቻለች ሆና ትነሣለች።

በዚህ ረገድ አትላንታ ራሷ ያበረከተችው አለ። በኤመሪ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ሎብሳንግ ቴንዚን ኔጊ እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ በተማሪዎች ዘንድ የታየው የመንፈስ ጭንቀት አሳስቦት የርኅራኄ ሥልጠና ነደፈ። ሥልጠናው መነሻው የቡድሂስት ልማድ ቢሆንም ለማንኛውም እምነት ተከታይ እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ በጆርጂያ በማደጎ ሥርዓት ውስጥ ላሉ ታዳጊዎችም ተሰጥቷል። ቅደም ተከተሉ ልብ ይሏል። ሠልጣኙ መጀመሪያ ትኩረቱን ማጽናት፣ ቀጥሎ የራሱን ሐሳብና ስሜት መመርመር፣ ከዚያ ለራሱ መራራትን ይማራል። ወደ ወዳጅ፣ ወደ ባዕድና ወደ ባላጋራ የሚሻገረው ከዚህ በኋላ ነው። ራስን መግራት እዚህ ላይ ለሌላው የሚሆን አቅም የሚከማችበት ጎተራ ነው እንጂ ራስ ወዳድነት አይደለም።

ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ተያይዘው ይነገራሉ፤ ሥጋን የሚያስገዛው ጾም የተቸገረውን የሚያበላ ቁራሽ ያተርፋል። በእስልምናም ዘካ የሰጪውን ሀብትና ነፍስ የሚያነጻ ተደርጎ ይታያል። በሊልበርን እ.ኤ.አ. በ2007 የተመረቀው ነጭ የድንጋይ የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ ድንጋዩ በሕንድ በእጅ ተጠርቦ የመጣው፣ የብዙ በጎ ፈቃደኞች ጉልበት የፈሰሰበት ነው። በዚያም ዋጋ የማይጠየቅበት አገልግሎት ነፍስን ማሳደጊያ መንገድ ነው ተብሎ ይታመናል።

መካሪው ሲማር

ራስን ማሻሻልና ሌላውን መጥቀም እርስ በርስ የሚሻሙ መሆናቸው በአንዳንድ ሁኔታ ጭራሽ እውነት ሆኖ አልተገኘም። ሎረን እስክሪስ-ዊንክለር፣ አንጀላ ዳክዎርዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት 1,982 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አሳተፉ። ገሚሶቹ ለጥቂት ደቂቃዎች በትምህርት የተሻለ ውጤት እንዴት እንደሚገኝ ለታናናሾቻቸው ምክር ጻፉ፤ ሌሎቹ አልጻፉም። በሩብ ዓመቱ የትምህርት ጊዜ ማብቂያ በሒሳብና ራሳቸው በመረጡት አንድ ትምህርት የተሻለ ውጤት ያገኙት ምክር ሰጪዎቹ ነበሩ። ብልጫው መጠነኛ ነው፤ ነገር ግን የወጣው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ መሆናቸው ይታሰብ። ምክር የሚሰጥ ሰው ለሌላው ሲል የሚያውቀውን ከጥልቀት ያወጣል፤ ከሰጠው ቃል ጋርም ራሱን ያስማማል።

ለነርስ ተማሪዋ ይበልጥ የሚቀርበው የአዳም ግራንትና የዴቪድ ሆፍማን ሙከራ ነው። በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ከሳሙናና ከእጅ ማጽጃው አጠገብ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ተሰቀለ። አንዱ የእጅ ንጽሕና ሠራተኛውን ራሱን ከበሽታ እንደሚጠብቅ ይናገራል፤ ሌላው በሽተኞችን እንደሚጠብቅ። የሳሙናና የማጽጃው ፍጆታ የጨመረው በሽተኞችን የሚያነሣው ጽሑፍ በተሰቀለበት ብቻ ነበር። ሰው ስለ ራሱ ሲነገረው «እኔን አይዘኝም» ይላል፤ ስለ ሌላው ሲነገረው ይታጠባል፤ ሲታጠብም ራሱንም ጠበቀ።

ይህን ነገር ከቤተ ሙከራ ውጭ በአትላንታ ያነሣ ሰባኪም ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1968 በኤቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ያሰማው ስብከት ርእሱ ከሰልፍ ፊት ከበሮ እየመታ የመሄድ ምኞት ነበር። መነሻው በማርቆስ ወንጌል የዘብዴዎስ ልጆች በክብር ስፍራ ለመቀመጥ ያቀረቡት ጥያቄ ነው፤ የሥነ ልቦና ሊቁን አልፍሬድ አድለርንም ይጠቅሳል። ኪንግ የመብለጥን ምኞት አልረገመም። ምኞቱ ካልተገራ ትምክህትን፣ ከአቅም በላይ መኖርንና ዘረኝነትን እንደሚወልድ ካሳየ በኋላ፣ ምኞቱን ይዞ በፍቅርና በአገልግሎት አንደኛ ለመሆን ማዋል እንደሚቻል አስተማረ። ልክ በሁለት ወሩ፣ ኤፕሪል 4 ቀን፣ ተገደለ። በቀብሩ ዕለት በዚያው ቤተ ክርስቲያን የተሰማው የዚህ ስብከት ቅጂ ነበር።

ጄረሚ ፍሪመርና ባልደረቦቹ ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይተው በታሪክ ስም ያተረፉ ሰዎችን ንግግር ሲመረምሩ ተመሳሳይ ቅርጽ አገኙ። በሥነ ምግባር የሚመሰገኑት መሪዎች ስለ ኃይልና ስለ ስኬት የሚናገሩት ከሌሎቹ አንሰው አልነበረም። ልዩነቱ ኃይሉ ለሌላው ጥቅም መሣሪያ ሆኖ መቅረቡ ላይ ነበር። በሌሎቹ ዘንድ ኃይሉ ራሱ ግብ ነበር።

የእቁብ ብልሃት

እንግዲህ የዓርቡ ክፍያ አልቀረም። ስለ ደስታና ስለ ርኅራኄ የተባለው ሁሉ በቁጥር ካልተተረጎመ ለሊልበርኗ ሴት ብዙ አይፈይድም። እዚህ ላይ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ኢትዮጵያውያን ከጥንት ይዘውት የመጡትን ነገር በአድናቆት አጥንተዋል።

ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቲቨን ኮትና ግሌን ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1993 የእቁብን ዓይነት ማኅበር ስሌት አሳተሙ። አስተሳሰቡ እንዲህ ነው፦ አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር ቢያስቀምጡ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው 6,000 ዶላር የሚሞላላቸው በአሥራ ሁለተኛው ወር ነው። በእቁብ ግን አንዱ በመጀመሪያው ወር፣ ሌላው በሁለተኛው ያገኛል፤ አማካዩ ስድስት ወር ተኩል ይሆናል። ከመጨረሻው ዕጣ ደራሽ በቀር ሁሉም ብቻቸውን ከሚቆጥቡበት ቀድመው ያገኛሉ፤ የመጨረሻውም አልዘገየም። ለራሱ የሚቆጥበው ሰው ሳያውቀው አሥራ አንድ ሰዎችን እየረዳ ነው፤ እነርሱም እርሱን። ራስ ወዳድነትና ለሌላ መኖር በአንድ መዋጮ ውስጥ ገብተው መለየት ያዳግታል።

እቁብ ሌላም፣ ብዙ የማይነገር ጥቅም አለው። ሲወን አንደርሰንና ዣን-ማሪ ባላንድ በናይሮቢ የኪቤራ ሰፈር አድርገው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ሴቶች እንዲህ ባሉ ማኅበራት የሚገቡበት አንዱ ምክንያት ገንዘባቸውን ቤት ውስጥ ከሚነሣ የወጪ ጥያቄ ለመጠበቅ መሆኑን አሳዩ። በዚያው በኬንያ ፓሜላ ጃኪየላና ኦወን ኦዚየር እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ሙከራ ጫናው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያስረዳል። በገጠር ያሉ ሴቶች የተሰጣቸውን ገንዘብ መጠን ለመደበቅ ሲሉ ትርፉ አነስተኛ የሆነውን መንገድ መረጡ፤ ይህ የባሰው ዘመዶቻቸው በሙከራው ስፍራ በነበሩት ላይ ነበር። መስጠት የማይፈልጉ ሆነው አይደለም። እምቢ ማለት ስለማይቻል መደበቅን መረጡ፤ መደበቁም ድሀ አደረጋቸው።

«ገንዘቤ እቁብ ላይ ነው» የሚለው መልስ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ክብር ያለው መልስ ነው። ውሸት አይደለም፤ ዘመድንም አያሳፍርም። ተናጋሪዋ ገንዘቧን ከሌሎች ጋር በቃል ኪዳን እንዳሰረች ይገልጻል። ለትምህርት የሚሆነው ገንዘብ ዕጣ በሚወጣበት ወር ተወስኖ ሲቀመጥ፣ ረቡዕ ጠዋት በሚደወል ስልክ አይናወጥም።

እድርም እንዲሁ ነው። ስቴፋን ደርኮን፣ ዓለማየሁ ወይም ጫልቱ ሳይባል አባል ሁሉ በስም ዝርዝር የሚታወቅበትን፣ የተጻፈ ደንብና የተወሰነ መዋጮ ያለውን የኢትዮጵያን እድር ከታንዛኒያ ተመሳሳይ ማኅበራት ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቷል። እድር በሰው ደግነት ብቻ የቆመ ስላልሆነ ይጸናል። የሚጠበቀው ታውቆ፣ ተለክቶ፣ ለሁሉም እኩል ሆኖ ተቀምጧል። በአሜሪካ ያሉ እድሮች የሟችን አስከሬን ወደ ሀገር ቤት መላክን የመሰለ አንድ ቤተሰብ ለብቻው የማይችለውን ወጪ የሚሸፍኑት በዚህ ሥርዓት ነው።

ለደሴው ወንድም የሚላከውም ይህን ሥርዓት ሊይዝ ይችላል። በጥናቶቹ ላይ ተመሥርቶ የሊልበርኗ ሴት ልታደርግ የምትችለው ጥቂት ነገር አለ። በየወሩ የምትልከውን ልክ ስልክ ከመደወሉ በፊት፣ ደመወዟ በገባ ዕለት፣ በራሷ ፈቃድ ትወስናለች፤ ይህ የዋይንስታይንና የራያንን ልዩነት በተግባር ማዋል ነው። ገንዘቡ ምን እንደሠራ ትጠይቃለች። አክኒንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ ሰዎች ገንዘባቸው የአልጋ አጎበር እንደሚገዛ በግልጽ በተነገራቸው ጊዜ የሰጡት፣ ለሰፊና ለጥቅል ዓላማ ከሰጡት ይልቅ አስደስቷቸዋል። «ላክሁ» ከማለት «የእማማን የሦስት ወር መድኃኒት ገዛሁ» ማለት ይለያል፤ ለዚህ ደግሞ ከወንድሟ የሚጠበቀው የፋርማሲውን ደረሰኝ ፎቶ መላክ ብቻ ነው። ኪራዩንና መድኃኒቱንም ትለያለች። መድኃኒት አይጠብቅም፤ ኪራይ ግን ከአከራዩ ጋር አንድ ወር ሊነጋገሩበት ይችላሉ።

ከእነዚህ ሙከራዎች አንዳንዶቹ የተደረጉት 5 ዶላር ከማያውቁት ሰው በተቀበሉ ሰዎች ላይ ነው። የሊልበርኗ ሴት የምትሰጠው ሌሊት ቆማ ያገኘችውን ነው፤ የምትሰጠውም ላሳደገቻት እናትና በጀርባዋ አዝላ ላሳደገችው ወንድም ነው። ረቡዕ ማታ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት የመድኃኒቱን ልካ፣ ስለ ኪራዩ ለወንድሟ መልሳ ደወለች እንበል። «አንተ፣ አከራዩን እስከ ወር መጨረሻ ጠይቃቸው፤ እኔ ዓርብ የትምህርት ቤት እከፍላለሁ» አለችው። ከወዲያ ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያ ፈተናው መቼ እንደሆነ ጠየቃት።